ከወንድሜ ጋር በመሬት የተጣላንበት ዓመት

ወንድምና እህት በመሬት መጣላት አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም። እኔና ታናሽ ወንድሜም በመሬት ተጣልተናል። የእኛ ጠብ ግን የውርስም የካርታም አልነበረም። «ትዞራለች»፣ «አትዞርም» በሚል ነው የተጣላነው።

ሲሰሙት ያስቃል። ቤታችን ውስጥ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ትምህርቱን አቋረጠ። ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ተወ። እናቴ መሀል ላይ ሆና ሁለታችንንም እያየች ታለቅስ ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን፣ ለማንም ሳልናገር፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቼ ነበር። ዛሬ ሁለታችንም ደህና ነን። ፊዚክስ ስለማስተምር አልፎ አልፎ «ልጄ እንዲህ ሆነብኝ» የሚሉ ወላጆች ይመጡብኛል። ለእነሱ በቃል የምነግራቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ነገሩ የጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ አዲስ አበባ ካለው ሥራዬ ተነስቼ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ገባሁ። ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። ዳዊት የደገመ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል። ትምህርት ሲዘጋ እንደ ማንኛውም ልጅ ስልኩ ላይ ተተከለ። በቴሌግራም የሚላላኳቸው ቪዲዮዎች ነበሩ። አንዱ ላይ ሰባኪ ነኝ ባይ ሰው መዝሙር 103ን ይገልጥና «ለዘላለም እንዳትናወጥ ምድርን በመሠረቷ ላይ መሠረታት» የሚለውን ያነብባል። ከዚያ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «እንግዲህ ምድር ትዞራለች ያለ ዳዊትን ውሸታም ብሏል። ዳዊትን ውሸታም ያለ መንፈስ ቅዱስን ሰድቧል!»

ልብ በሉ። ሰውየው ስለ ሰማይ አካላት የረባ ነገር አልተናገረም። የተናገረው ስለ ነፍስ ነው። ወንድሜን የያዘውም ይሄ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ማስረጃ ቀልድ ነበር። ልጁ ውስጥ የገባው ፍርሃት ግን የምር ነበር። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት መስላ የታየችበት ቀን ነው። እኛም ጋ ብዙው ክፍሏ ተሸፍኖ አየነው። «አየህ! ሳይንቲስቶቹ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ደቂቃውን ሳይቀር አስቀድመው አወቁት» አልኩት በደስታ።

«እታለም፣» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ግርዶሽማ የጥንት ሰዎችም ያሰሉ ነበር። የእስክንድርያው ቶለሚ መሬት አትንቀሳቀስም ብሎ ነው ያሰላው።»

ልክ ነበር። ግርዶሽ ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል መግባቷን ያሳያል እንጂ መሬት መንቀሳቀሷን አያሳይም። «በዚህስ ልክ ነህ» ከማለት ይልቅ ወሬ ቀየርኩ። እሱ ደግሞ ያየው ያንን ነው።

ለአስተማሪዎችም ለታላላቆችም የመጀመሪያ ምክሬ ከዚህ ይነሳል። ማስረጃ ያልሆነውን ማስረጃ አታድርጉ። ኬንያ ውስጥ የምድር ወገብ ላይ ለቱሪስት የሚያሳዩት የውኃ ሽክርክሪት አለ። ከመስመሩ በዚህ በኩል ወደ ቀኝ፣ በዚያ በኩል ወደ ግራ ይዞራል ይባላል። ሰው መሬት መዞሯን በዚህ አየሁ ብሎ ይመለሳል። በትንሽ ሳህን ውስጥ ያለ ውኃ ላይ የመሬት ዙረት የሚያመጣው ለውጥ ከምንም አይቆጠርም። ውኃውን የሚያዞረው የሰውየው አቀዳድ ነው። ልጁ አንድ ቀን ይህን ቢደርስበት እናንተ የነገራችሁትን ሁሉ ጠቅልሎ ይጥለዋል።

በ2013 ትምህርት ሲከፈት 11ኛ ክፍል ገባ። አንድ የፊዚክስ ፈተና ላይ ስለ መሬት ዙረት የመጣውን ጥያቄ ባዶ ተወውና ከሥሩ «መዝ. 103፥5» ብሎ ጻፈ። መምህሩ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጎ አሳየ። «የጥንት ሰው መጣላችሁ» አለ። ተማሪው አውካካ።

ገድል እየሰማ ያደገ ልጅ ሲሳቅበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። የሳቁበት ስለተሳሳተ ነው ብሎ አይደለም የሚያስበው። እውነትን ስለያዘ የተሳቀበት ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የፊዚክስ ጥያቄ መሆኑ ቀረ። ምስክርነት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «የሚያስክድ ትምህርት አልማርም» አለ። እናቴ ለመነችው፤ እኔ ጮህኩበት። ማታ ትሪ ሲቀርብ የእሱን ለብቻ አስወጣ።

እኔስ? እኔ ደግሞ በሌላ በኩል እየተንሸራተትኩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ሃይማኖት ከተወ ቆይቷል። የወንድሜን ነገር ሳጫውተው ያዝንልኛል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! «ወንድምሽ ቢያንስ መጽሐፉን እንደተጻፈው አንብቧል» አለኝ። «ሁለት ቦታ የቆምሽው አንቺ ነሽ። መሬት ከዞረች መጽሐፉ ተሳስቷል። አንዱን ምረጪ።» ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሜ ፊዚክስን ሲተው እኔ ቅዳሴ ተውኩ።

ሁለቱ ሰዎች፣ የቴሌግራሙ ሰባኪና ሃይማኖት የለሹ ጓደኛዬ፣ ቃል በቃል አንድ ነገር ነበር የሚናገሩት። «መሬት ከዞረች መጽሐፉ ተሳስቷል።» አንዱ «ስለዚህ አትዞርም» አለ፤ ሌላው «ስለዚህ ተሳስቷል» አለ። መነሻቸው ግን ያው ነው። እኛ እህትና ወንድም ያን መነሻ ሳንጠይቅ ተቀብለን፣ ለሁለት ተከፍለን፣ አንድ ቤት ውስጥ እንባላ ነበር።

ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ «በዓይኑ ቢያይ ያምናል» የሚለው ነው። ስለዚህ ፔንዱለም ልሠራ ተነሳሁ።

በ1851 እ.ኤ.አ. ሊዮን ፉኮ የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ፓንቴዮን ከሚባለው ሕንፃ ጉልላት ላይ 67 ሜትር ሽቦ አንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ 28 ኪሎ የሚመዝን ኳስ አሰረ። ኳሱን ወደ ጎን ስቦ ለቀቀው። ኳሱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ቀስ በቀስ ዞረ። ገፍቶ ያዞረው የለም። የዞረው ከሥሩ ያለው ወለል ነው። ሰው መሬት ስትዞር ቆሞ አየ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ያላለቀ ባለ ሦስት ፎቅ ነበራቸው። ደረጃው መሀል ባለው ክፍተት ሽቦ አወረድን። መጀመሪያ የግንበኞቹን ቱምቢ አሰርንበት፤ ቀለለ። ከእህል ነጋዴ ባለ 10 ኪሎ የሚዛን ብረት ተዋስኩ። ወለሉ ላይ ዱቄት በትነን መስመር አሰመርን። ብረቱን በእጅ ከለቀቃችሁት ይዛነፋል፤ ስለዚህ ፉኮ እንዳደረገው በክር ወደ ግድግዳ አስሬ ክሩን በጧፍ አቃጠልኩት። ክሩ ተበጠሰ። ብረቱ ሄደ።

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጁን አጣጥፎ ያያል። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ብረቱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ የእንቁላል ቅርጽ ይሠራ ጀመር። ሰዓት ሞላ። የዱቄቱ መስመር እንዳለ አለ ማለት ይቻላል።

«እታለም፣ ቆማለች እኮ!» አለኝ። ተነስቶ ሄደ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ። ፔንዱለሙ የሚዞርበት ፍጥነት በየአገሩ ይለያያል። ዋልታ ላይ በአንድ ቀን ሙሉ ይዞራል። ፓሪስ ላይ 32 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የምድር ወገብ ላይ ጭራሽ አይዞርም። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ በሰዓት የሚዞረው 2 ዲግሪ ተኩል ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ስድስት ቀን ይፈልጋል። በአጭር ሽቦና በተዛነፈ ብረት 2 ዲግሪ ተኩል ማየት ዘበት ነው። ይህን አስቀድሜ አስልቼ፣ «በሰዓት ይህን ያህል ብቻ ነው የሚዞረው፣ ፓሪስ ቢሆን ይህን ያህል፣ ናይሮቢ ቢሆን ከምንም የማይቆጠር» ብዬ ብነግረው ኖሮ ዘገምተኛነቱ ራሱ ማስረጃ ይሆን ነበር። እንዲህ በየኬክሮሱ የሚለዋወጠው ወለሉ ኳስ ላይ ስላለና ኳሱ ስለሚዞር ነውና። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ለመሞከር ያሰባችሁ መምህራን፣ ረጅም ሽቦ፣ ከባድ ብረት፣ ነፋስ የማይገባበት ቦታና ሙሉ ቀን ከሌላችሁ አትጀምሩት።

በእርግጥ ያን ቀን ብረቱ እንደ ፓሪሱ ቢዞርም ወንድሜ የሚያምን አይመስለኝም። ምክንያቱም የሚፈራው ብረቱን አልነበረም። ካመነ ሲኦል የሚገባ ነው የሚመስለው። ሲኦል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ዱቄት ላይ መስመር ምን ይጠቅመዋል?

መንገዱ የተከፈተው በእናቴ ነው። ሰልችቷት «ሁለታችሁም ተነሱ፣ የኔታ ጋ እንሂድ» አለች። የኔታ ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን፣ ዳዊት ያስደገሙን ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ወንድሜ የልቡን ተናገረ። ጥቅሶቹን ደረደረ። መዝሙር 103ን፣ ኢያሱ ፀሐይን በገባዖን ያቆመበትን፣ መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በስድስት ደጆች ትወጣለች በስድስት ትገባለች የሚለውን።

የኔታ እስኪጨርስ ጠበቁ። «ጸሎተ ሃይማኖት በል» አሉት።

ግራ ተጋባ። «ሁሉን በያዘ፣ ሰማይንና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ፣ በአንድ አምላክ በእግዚአብሔር አብ እናምናለን» ብሎ ጀመረ። እስከ መጨረሻው ወረደው።

«ምድር ቆመች የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ዝም አለ።

«እኔ ትዙር አትዙር አላውቅም፣» አሉ የኔታ። «ያልተማርኩትን አልናገርም። ግን ይህን ካላመንክ ክደሃል ያለህ ሰው ከየት አመጣው? ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ የኒቅያ አባቶች ያልጨመሩትን ማን ጨመረው?» ከዚያ ወደ ሄኖክ ተመለሱ። «ሄኖክ ዓመቱን ስንት ቀን ይላል?» ወንድሜ 364 አለ። «ባሕረ ሐሳብስ?» 365 ከሩብ አለ። «ታዲያ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስናደርጋት ሄኖክን ካድን?»

ይህን እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ሄኖክ በመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓልና አጽዋማትን ስታወጣ ግን በ364 ቀን አትቆጥርም። መጽሐፉንም አልጣለችም፣ ቀን መቁጠሪያዋንም አላዛባችም። ሁለቱን ይዛ መኖር ከቻለች ከብዙ መቶ ዓመታት በላይ ሆኗታል።

ከየኔታ ቤት ስንወጣ ወንድሜ መሬት ትዞራለች ብሎ አላመነም። ግን ትከሻው ወረደ። ያን ማታ ከእኛ ጋር በላ።

የደረስኩበት ይህ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከገባ ከማስረጃው አትጀምሩ። ከፍርሃቱ ጀምሩ። ፍርሃቱን ደግሞ የፊዚክስ መምህር አያነሳውም። ልጁ የሚያከብረው፣ በሃይማኖቱ የማይጠረጥረው ሰው ነው የሚያነሳው። ሰውየው ሳይንስ ማወቅ የለበትም። «አላውቅም» ማለት የሚችል ይሁን እንጂ። ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ የእህቷ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሲያስቸግራቸው ልጁን ቁርአን ያቀራው ኡስታዝ ጋ ነው የወሰዱት፤ ለእነሱም የሠራው ይሄው ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቅሶቹን አብረን ቁጭ ብለን ማንበብ ቻልን። መዝሙር 103ን ከላይ ጀምሮ ስታነብቡት እግዚአብሔር ሰማይን እንደ መጋረጃ ይዘረጋል፣ በነፋስ ክንፍ ይሄዳል። ነፋስ ላባ አለው ብሎ የሰበከ የለም። ኢዮብ ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ ምድርን ከስፍራዋ ያናውጣታል ይላል። ምዕራፍ 26 ላይ ምድርን በባዶ ላይ አንጠለጠላት ይላል። አንዳንድ ወገኖች ይህን የመጨረሻውን ይዘው «ይኸው መጽሐፍ ቅዱስ ሳይንስን ቀደመ» ይላሉ። እኔ አልወደውም። ያም ቢሆን ጥቅስን በፊዚክስ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ዛሬ ለእናንተ ከመዘነ ነገ በእናንተ ላይ ይመዝናል።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት የሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶች አሉ። ዘጠነኛው ላይ ስለ ምድር ቅርጽ የሚከራከሩትን ያነሳል። ሙሴ ስለ ቅርጿም ስለ ዙሪያዋ ልክም ዝም ማለቱ የፍጥረትን ታሪክ እንደማያሳንስበት ይናገራል። ባስልዮስ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ እሱ ራሱ መሬት ቆማለች ብሎ ያስብ ነበር። ግን ሃሳቡን የእምነት መለኪያ አላደረገውም። ወንድሜ ይህን ደጋግሞ ነው ያነበበው።

እኔን የመለሰኝ ደግሞ የሚገርመው፣ መሬት ትዞራለች በማለቱ የተከሰሰው የጣሊያናዊው ሊቅ የጋሊልዮ ታሪክ ነው። ሰባኪውም ጓደኛዬም የሚጠቅሱት እሱን ነበር። እውነቱ ከሁለቱም ወሬ የተለየ ነው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን መጽሐፍ በ1543 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኮፐርኒከስ የካቴድራል አገልጋይ ነበር። መጽሐፉንም ያበረከተው ለሮማው ጳጳስ ለጳውሎስ 3ኛ ነው። ጋሊልዮ በ1633 ሮም ላይ ተንበርክኮ እንዲክድ ተደረገ። ግፍ ነው፤ ማስተባበያ የለውም። (በነገራችን ላይ በእነዚያው ዓመታት እኛ ጋ ፋሲለደስ የሮማን ካህናት እያባረረ ነበር። ያ ፍርድ እኛን የነካን አልነበረም።) ግን ጋሊልዮ ትልቅ ማስረጃዬ ነው ብሎ ያቀረበው የባሕር ውኃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ማለት ስህተት ነበር። ያኔ የተጠራጠሩት ሁሉ ደደብ አልነበሩም። ታላቁ የኮከብ ተመልካች ቲኮ ብራሄ «መሬት ብትንቀሳቀስ ከዋክብት በዓመት ውስጥ ቦታ ሲቀይሩ ባየን ነበር» ብሎ ፈልጎ አጣ።

ጋሊልዮን ያስጠነቀቀው ካርዲናል ቤላርሚኖ በ1615 በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር አለ። እውነተኛ ማረጋገጫ ከመጣ፣ የተረጋገጠውን ሐሰት ነው ከማለት ይልቅ መጽሐፉን አልተረዳነውም ማለት ይሻላል ይላል። ጋሊልዮም በዚያው ዓመት የጻፈው ደብዳቤ ላይ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው የሰማውን ጠቅሷል። መንፈስ ቅዱስ ሊያስተምረን የፈለገው ወደ ሰማይ እንዴት እንደሚኬድ እንጂ ሰማይ እንዴት እንደሚሄድ አይደለም የሚል ነው። ያስጠነቀቀውም የተከሰሰውም፣ መዞሯ ቢረጋገጥ እንኳ፣ «መሬት ከዞረች መጽሐፉ ተሳስቷል» አላሉም። ይህን ዐረፍተ ነገር ለእኔ ያወረሱኝ የቴሌግራም ሰውና ጓደኛዬ ብቻ ናቸው። ለጓደኛዬ የቤላርሚኖን ደብዳቤ ላክሁለት። «ይህን አላነበብኩም ነበር» ብሎ ዝም አለ። እሱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ማስረጃው በመጨረሻ የመጣው ከቤታችን ጣሪያ ላይ ነው።

ክረምት ላይ ነፋስ ዲሻችንን አንቀሳቅሶት እናቴ የምታየው ሁሉ ጠፋባት። ሰፈራችን ያለውን ዲሽ ሠሪ ጠራነው። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ቲቪው ፊት ይቀመጣል። ከላይ «መጣ?» ከታች «አልመጣም!»፣ «አሁንስ?»፣ «መጣ! ኧረ ሄደ!» ከታች የሚጮኸው ወንድሜ ነበር። የናይልሳቱ ሳህን ወደ ምዕራብ ይመለከታል። የኢትዮሳቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ይበልጥ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ዲሽ ሠሪው ቡሎኑን እያጠበቀ «በትንሽ ጣት ነካ ካደረጋችሁት አለቀ» አለ። «ሳተላይቱ እንደሆነ ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። «ሰማሽ? ሳተላይቱ ቆሟል።»

«እሺ፣» አልኩት፣ «ምን ደግፎት ነው የማይወድቀው?»

ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ መልሱን እኔ ነበርኩ የምሰጠው። ይህን ጥያቄ ግን ተውኩለት። ለቀናት ስልኩን ይዞ ጠፋ፤ አሁን የሚያየው የሰባኪውን ቪዲዮ አልነበረም። የደረሰበትን ደብተር ላይ ጽፎ አመጣልኝ። ሰዎች ያሉበት የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ መሬትን በ90 ደቂቃ ያህል ይዞራል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው፤ 12 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነች፤ 27 ቀን ይወስድባታል። ከፍ ባለ ቁጥር ዙሩ ይረዝማል፤ ሁሉም የሚታዘዙት ለአንድ ስሌት ነው። የቲቪ ሳተላይቶች 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። በዚያው ስሌት አንድ ቀን ሊፈጅባቸው ይገባል። ቆሞ የሚቀር የለም፤ የቆመ ይወድቃል።

«በሴኮንድ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣» አለ። «የእኛ ዲሽ ግን ጣሪያ ላይ ተቸንክሮም አይስተውም። ስለዚህ...» አልጨረሰውም። ትንሽ ቆየና «ግን አራት ደቂቃ ጎደለኝ» አለ። «24 ሰዓት ይሆናል ብዬ ነበር። 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው።»

ያችን ማታ አልረሳትም። አራቷ ደቂቃ ነበረች የምትከነክነው። መሬት በራሷ ዛቢያ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ግን በፀሐይ ዙሪያ ባላት መንገድ ትንሽ ስለተጓዘች፣ ፀሐይን መልሳ ፊት ለፊት ለማግኘት አራት ደቂቃ መጨመር አለባት። ለዚህ ነው ከዋክብት በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድመው የሚወጡት። «ፀሐይ በእኛ ዙሪያ ብትሄድስ? ያው አራት ደቂቃ አይመጣም?» አለኝ። ይመጣል። ይህን ጊዜ ወሬ አልቀየርኩም። «ልክ ነህ፣ ይህ ብቻውን አይለየውም» አልኩት።

የሚለየው ብራድሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1728 ያገኘው ነው። ከዋክብት ሁሉ በዓመት አንዴ ትንሽ ክብ ነገር ይሠራሉ። ሁሉም በእኩል መጠን ነው፣ ወደ 20 የዲግሪ ሴኮንድ (አንዱ ሴኮንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)። ምክንያቱ እኛ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር እየሄድን ብርሃናቸውን መቀበላችን ነው። ቲኮ ፈልጎ ያጣውን የቦታ ለውጥ ደግሞ ቤሰል በ1838 ለካው። ከአንድ የዲግሪ ሴኮንድ በታች ነበር። ቲኮ ያላየው ከዋክብቱ ከገመተው በላይ እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁሉም ልጅ ይጠይቃል። «ስዘል ለምን ሌላ ቦታ አላርፍም?» ደብረ ብርሃን በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ እየተወሰደች ነው። አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ለጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ሳንቲም ወደ ላይ እንዲወረውር አድርጉት። እጁ ላይ ነው የሚወድቅለት። እሱም አውቶቡሱም ሳንቲሙም አብረው ነው የሚሄዱት።

ወንድሜ በዓመቱ 11ኛን እንደገና ገባ። የሚያስፈራው ፈተናው ነበር። የኔታ መፍትሔ ሰጡት። «መምህሩ የጠየቀህ የፊዚክስ መጽሐፍ ምን ይላል ነው። የሚለውን ጻፍ። እሱ ቃለ መሐላ አይደለም።» ለወላጆች፣ ልጃችሁ ባዶ ወረቀት ማስረከብ ከጀመረ እዚህ ላይ ጀምሩ። እንዲያምን ሳታስገድዱት፣ ከትምህርት እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። ለመምህራን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ወረቀቱን ለክፍሉ አታንብቡበት። ከክፍል ውጪ ጥሩትና ምን እንደፈራ ጠይቁት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢያሱ ቀን ተአምር ነው ብሎ ያምናል። እኔም በዚህ አልከራከረውም፤ ተአምር በፔንዱለም አይለካም። እኔ ወደ ቅዳሴ ተመልሻለሁ፣ በፊት ከምሄደው ባይበዛም። ሌሎች የማንስማማባቸው ነገሮች አሉን፤ በዝግመተ ለውጥ ሰሞኑንም ተጨቃጭቀናል።

ለክረምት ሲመጣ ፔንዱለሙን በደንብ ልንደግመው አስበናል። ሂሳቡን አስቀድሞ ሠርቶ ግድግዳዬ ላይ ለጥፎታል። በ10 ሰዓት 25 ዲግሪ። የቸገረን ቦታው ነው። ከፍታው ከ15 ሜትር የማያንስ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማያባርሩን ደረጃ ያለው ሕንፃ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመን። ብረቱን ነጋዴው እስካሁን አልጠየቀኝም።